የአምስተኛው ዳኛ ምክንያት

አምስት ዳኞች ተራ በተራ ተነስተው ባሌን «ነጻ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሌላ ሴት ብትሆን በመጀመሪያው እልል ትላለች። እኔ ግን በእያንዳንዱ «ነጻ ነው» ብርክ እየያዘኝ፣ አምስተኛው ዳኛ ሲነሱ መቆም አቅቶኝ ከሴቶቹ መሃል ዘፍ ብዬ ተቀመጥሁ። ለምን እንደሆነ ለአንድ ሰው እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት ካረጀሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። አፌ ያልደፈረውን እጄ ይድፈረው ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ጣሊያንና እንግሊዝ ገና ሳይጣሉ። የምንኖረው ከመተማ ዮሐንስ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች መንደር ነበር፤ ማሽላና ሰሊጥ እናርሳለን። ጣሊያን መተማ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ተቀምጧል፣ ለየመንደሩም የራሱን ሹም ሾሟል። ትንንሹን ነገር፣ የሌባውንና የድንበሩን፣ «ሽማግሎቻችሁ ይዩት» ብሎ ለኛው ዳኞች ትቶት ነበር። ትቶት ስል እንዲያው ለአፉ ነው። ችሎት በተቀመጠ ቁጥር አንድ አስተርጓሚ ከምሽጉ እየመጣ፣ ከሁለት አስካሪ፣ ከጣሊያን ጥቁር ወታደሮች ጋር፣ ከችሎቱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ የተባለውን ሁሉ ይጽፍ ነበር።

የዳኝነቱ ሥርዓት ግን የአባቶች እንደነበረ ነው። አምስት ዳኞች ይቀመጣሉ። ክርክሩ ሲያልቅ ፍርድ የሚጀምረው ከሁሉ ታናሹ ነው፤ ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ አፍሮ ይከተለዋል እንጂ የልቡን አይናገርምና። ከዚያ በዕድሜ እየተከታተሉ እስከ ትልቁ ይደርሳል። ማንም ዳኛ «እኔም እንደ እሱ» ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ የሚፈርደውን ከነምክንያቱ ይናገራል። በፍርዱ ተስማምተው በምክንያቱ ቢለያዩ፣ የቱ ምክንያት እንደሚጸና የሚቆርጠው የመጨረሻው ዳኛ ነው። ልጅ ሳለሁ ይህ ሁሉ የሽማግሌ ወግ ማሳመሪያ ይመስለኝ ነበር። ሰውየው ነጻ ከተባለ ተባለ፤ በምን ምክንያት ቢሉት ምን ይጨምርለታል እል ነበር።

አንድ ሌሊት የሹሙ በቅሎ ጠፋች። ዳማ በቅሎ ናት፤ ሰውየው ከሚስቱ አብልጦ የሚወዳት። ሎሌዎቹ በየቤቱ እየገቡ «ያያችሁ አላችሁ?» ሲሉ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ፣ «እኔስ የዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ውሃ ልቀዳ ወርጄ፣ የጎረቤቴን ባል ከወንዙ መሻገሪያ የተጫነች ዳማ በቅሎ ሲስብ አይቻለሁ» አለች። ክፋት የላትም። ጠየቋት፣ መለሰች። ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ታናሹን ገና ታጠባዋለች።

ያየችውም እውነት ነበር። ባሌ የዚያን ዕለት ከማዶ፣ እንግሊዝ ከያዘው ከሱዳኑ ገላባት ነው የመጣ፤ ጥይት ይዞ። ጥይቱን በጨው ጆንያ ውስጥ ቀብረው ያሻግሩትና ወደ አርማጭሆ ለአርበኞች ይሄዳል። የሳባት በቅሎ ግን የሹሙ አልነበረችም። መልኳ ዳማ ሆኖ ገጠመ እንጂ የመንደራችን የትልቁ ዳኛ፣ የእኒያ የአምስተኛው፣ በቅሎ ነበረች። እሳቸው ጉልበታቸው ስለደከመ ራሳቸው መሄድ ባይችሉ በቅሏቸውን ይሰጡ ነበር። ይህን የምናውቅ ሦስት ነን፤ እሳቸው፣ ባሌና እኔ። እኔም ያወቅሁት አንድ ቀን የጨው ጆንያ ላነሳ ብዬ ከብዶኝ ነው እንጂ ማንም አምኖ ነግሮኝ አይደለም።

ባሌ ተይዞ ሲጠየቅ «በቅሎ አልሰረቅሁም» አለ። «ጎህ ሲቀድ የት ነበርህ?» ሲሉት «ቤቴ ተኝቼ» አለ። ምን ይበል ታዲያ? እንግዲህ ከእሱና ከጎረቤቴ አንዳቸው ዋሽተዋል ማለት ነው።

እኔ የፈራሁት የሌባን ቅጣት አይደለም። ሌባ የተባለ ሰው ለምሽጉ ይሰጣል። ምሽግ የገባ ሰው ደግሞ ስለ በቅሎ ብቻ አይጠየቅም፤ ማዶ ማንን ታውቃለህ፣ አርማጭሆ ማን ዘመድ አለህ፣ እያሉ ነው ቆዳውን የሚገፍፉት። ከዚያ የወጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ከወጡትም አንዱን አይቼዋለሁ፣ ጥፍር አልነበረውም። ባሌ ጠንካራ ነው፣ ግን ሥጋ ነው። እሱ ከገባ አይወጣም፤ ይህን እንደ ስሜ አውቀው ነበር።

እስከ ችሎቱ ቀን ድረስ በሹሙ ግቢ እግሩን በግንድ አስረው አስቀመጡት። እንጀራ ይዤለት ስሄድ ዘበኛው አጠገባችን ስለሚቆም የምንነጋገረው ስለ ጥጃውና ስለ ማሽላው ብቻ ነው።

«ጥጃው ጠባ?» ይለኛል።

«ጠብቷል።»

«እንግዲያው ምን ያስፈራሻል?» ይላል፤ ጉርሻውን ሲያነሳ ግን ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ያን ካየሁ በኋላ እህል አልወርድ አለኝ።  ውሻ ሲጮህ የመጡ ይመስለኛል፣ ሲተው ደግሞ ያለፉበት ይመስለኛል።

ችሎቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ ትልቁ ዳኛ ቤት ሄድሁ። ከደጃፋቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው የበቅሏቸውን ግላስ ይሰፋሉ። በቅሎዋ ከጎናቸው ታስራለች። ያን ያህል በግልጽ መታሰሯ ገረመኝ።

«አባቴ፣ በቅሎዋን አይደብቋትም?» አልኋቸው።

«የራሴን በቅሎ ለምን እደብቃለሁ? የደበቅኋት ዕለት ነው የምትፈለግ» አሉኝ። መርፌያቸውን ሰክተው አዩኝ። «ፈርተሻል።»

«ሞቻለሁ እንጂ ምን ፈርቻለሁ።»

«ስሚኝ ልጄ። ምስክሯ አንዲት ናት። በአንድ ምስክር ቃል በሰው አይፈረድም፤ የኛ ሕግ ይህ ነው፣ ሹሙም ያውቀዋል። ይህ አንድ ምክንያት ይበቃል። ሌላ ምክንያት አንፈልግም። ቤትሽ ተቀመጪ፣ ለማንም ምንም አትናገሪ። ነገር ሲበዛ በአህያ አይጫንም።»

እግራቸውን ስሜ ወጣሁ። በመንገዴ ሁሉ ይበቃል፣ ይበቃል እያልሁ ሄድሁ። ቤቴ ስደርስ ግን አልበቃኝም። አንድ ምክንያት ምን ያህል ያስተማምናል? አንዱ ዳኛ ቢያፈነግጥስ? ሹሙ ሌላ ምስክር ገዝቶ ቢያመጣስ? ሽማግሌ ናቸው፣ የሕግ ሰው ናቸው፣ ሁሉን እንደ ራሳቸው ቀጥ ያለ ያስባሉ፣ እያልሁ ከልቤ ጋር ስሟገት ዋልሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንዲህ ነው።

በማግስቱ ወደ ሦስተኛውና ወደ አራተኛው ዳኛ ቤት ሄድሁ።

ሦስተኛው ወሬ ወዳድ ሰው ነበሩ፤ ለእሳቸው ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። «አባቴ፣ እቺ ጎረቤቴ እኮ ቂም አለባት» አልሁ። ቂም ያልሁት ምን መሰላችሁ? ከዓመት በፊት ወንዝ ላይ እንስራዋን ገፍቼ ሰብሬባት ነበር። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፣ በሦስተኛው ቀን እሳት ልትጭር ቤቴ መጣች፤ ታረቅን። ያ ነው ቂሙ። እኔ ግን መታረቃችንን አስቀርቼ መሰበሩን ብቻ ነገርኋቸው።

ለአራተኛው አንድ ቅል ማር ይዤ ነው የሄድሁ። ኩሩ ሰው ናቸው፤ ለፍርድ ሲነሱ ጭራቸውን እያወዛወዙ ነው የሚናገሩ። የእንስራውን ነገር ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና፣ «ታዲያ ምሎ ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ሐሰተኛ ምስክር ነው እኮ!» አሉ። ዓይናቸው በራ። «ባልሽን ነጻ ማውጣት ብቻ አይደለም፤ ይህን ነገር ከሥሩ እነቅለዋለሁ።»

ያኔ «ኧረ አባቴ፣ እሷንስ ተዉአት» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የባሌ ጣቶች ትዝ አሉኝ፤ አፌን ዘጋሁ፣ እጅ ነስቼ ወጣሁ።

የችሎቱ ቀን ደረሰ። በጋ ነው፣ ፀሐዩ ያነድዳል። ዳኞቹ እንደ ልማዳቸው ከትልቁ ኩመር ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ሰዉ ዙሪያውን ቆመ። አስተርጓሚው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነበር። ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሽማግሌ ሲያይ የሚነሳ ሰው ነው። አስካሪዎቹን አልፈራኋቸውም፤ እሱን ነው የፈራሁ። ጎረቤቴ ልጇን ታቅፋ ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ ስታየኝ በጭንቅላቷ ሰላም አለችኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሹሙ ከሰሰ፤ ባሌ ከነእግር ግንዱ ቀርቦ ካደ። ጎረቤቴ ተጠርታ፣ ምላ፣ ያየችውን ተናገረች፤ አንድም አልጨመረች፣ አንድም አልቀነሰች። «የሹሙ በቅሎ ናት ወይ?» ሲሏት «እሱን አላውቅም፤ ዳማ ናት» አለች። ከዚያ ፍርድ ተጀመረ።

ታናሹ ዳኛ ተነሳ፤ ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ነው፣ ድምፁ ይሰበራል። «ምስክሯ አንዲት ናት። በአንድ ምስክር በሰው አይፈረድም። ዋሸች አልልም፣ እውነት ተናገረችም አልልም፤ አንድ ናት ነው የምለው። በዚህ ምክንያት ነጻ ነው» አለና ተቀመጠ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አይኖረኝም ነበር።

ሁለተኛው ተነሱ። «ነጻ ነው ባለው እስማማለሁ። ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ጎህ ሲቀድ ዳማውን ከጥቁሩ መለየት ያስቸግራል። ሴትዮዋ በቅሎ አይታ ይሆናል፤ የቱን በቅሎ እንዳየች ግን ብርሃኑ አይነግራትም። ስለዚህ ነጻ ነው።» አስተርጓሚው «በቅሎ አይታ ይሆናል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቀና አለ።  ኧረ በቅሎዋን ተዉአት፣ አታንሷት፣ እያልሁ በሆዴ ለመንሁ።

ሦስተኛው ተነሱ። «ነጻ ነው። እኔ ደግሞ የማውቀውን ልናገር። ምስክሯ ከተከሳሹ ቤት ጋር ቂም አላት፤ እንስራዋን ሰብረውባታል። ቂም ያለው ሰው ያላየውን ያያል።» ሰዉ አጉረመረመ። ጎረቤቴ ግራ ገብቷት ወደኔ ዞረች፤ ምን ማለታቸው ነው እንደማለት። ታርቀን የለ ወይ የምትለኝ መሰለኝ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ነበር።

አራተኛው ጭራቸውን አነሱ። «ነጻ ነው። ግን ነጻ ነው ብሎ መተው ለፍርድ አይበቃም። ይህች ሴት በቂም ተነሳስታ፣ ምላ፣ ያላየችውን አየሁ ብላለች። በሐሰት የመሰከረ፣ የመሰከረበት ሰው ሊቀበለው የነበረውን ቅጣት እሱ ይቀበል፤ የአባቶቻችን ፍርድ ይህ ነው።» ብለው ቁጭ አሉ፤ ግንባራቸውን ጠረጉ። ደህና የተናገሩ መስሏቸዋል።

ሹሙ ብድግ አለ። በቅሎው ጠፍታበት ተዋርዷል፤ የሚቀጣው ሰው ይፈልጋል፣ ማንም ይሁን ማን። «ፍርዱን ተቀብያለሁ። ሰውየውን ፍቱት። እንግዲያው ሴትዮዋን ስጡኝ፤ አርባ ጅራፏን ትቅመስና ወደ ምሽጉ ትሂድ» አለ። ጎረቤቴ ያኔ ነው የገባት።  ልጇን ወደ ደረቷ አጥብቃ ያዘችው፣ ልጁም አለቀሰ። አርባ ጅራፍ ለእሷ ሞቷ ነበር፤ አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው።

አስተርጓሚው ወረቀቱን አየ። «አንድ ነገር አልገባኝም» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ በትሕትና። «አራቱም ዳኞች ነጻ ብለዋል። ሁለቱ ግን ሴትዮዋ ዋሸች አላሉም፤ ሁለቱ ዋሽታለች ብለዋል። እኔ የቱን ልጻፍ? ይቅርታ አባባ፣ በእርስዎ ነው የሚቆረጠው።»

ትልቁ ዳኛ ተነሱ። ዘፍ ብዬ የተቀመጥሁት ያኔ ነው።

«እኔም ነጻ ነው እላለሁ» አሉ። «ምክንያቴም የታናሻችን ምክንያት ነው። ምስክሯ አንድ ናት። ይህ ይበቃል።»

«ይበቃል አባባ፣ ለሰውየው ይበቃል» አለ አስተርጓሚው። «ሴትዮዋን ግን ሹሙ ይሰጡኝ ብለዋል፤ እርስዎ ካልቆረጡ ይወስዷታል። ዋሽታለች ወይስ አልዋሸችም?»

 ትልቁን ዳኛ የማያቸው ተቀምጬ ከሰው እግር መሃል ነው። በሆዴ ምን እል እንደነበር ልናገር፤ ይህን ለመናገር ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት። «ዋሽታለች በሉ» እል ነበር። ልጅ ይዛ የቆመችውን ጎረቤቴን እያየሁ፣ ከምድጃዬ እሳት ስትጭር የኖረችውን ሴት፣ «አባቴ፣ ዋሽታለች በሉና እንሂድ» እል ነበር። አልዋሸችም ካሉማ በቅሎ ነበረች ማለት ነው፤ በቅሎ ከነበረች ባሌ ወንዙ ላይ ነበረ ማለት ነው። አንድ ቃል ነው የቀረው። ፍርሃት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ከዚያ ወዲህ ማንም አይንገረኝ።

ሽማግሌው ጎረቤቴን አዩ። ቀጥሎ ዓይናቸው በሰዉ መሃል ፈልጎ እኔን አገኘኝ። እንስራው ከማን አፍ እንደወጣ አወቁ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም፤ ከደጃፋቸው ጥላ ሥር «ፈርተሻል» ሲሉኝ እንዳዩኝ ነው ያዩኝ።

«አልዋሸችም» አሉ።

አስተርጓሚው ጻፈ። «እንግዲያው በቅሎ ነበረች።»

«ነበረች።»

«የማን?»

«የኔ።»

አስተርጓሚው ይህንንም ጻፈ። 

«ምን ተጭና?»

«ምን እንደተጫነች እኔ ነኝ የምጠየቀው» አሉ። «ይህ ልጅ ጨው መስሎት ነው። ሽማግሌ ላከው፣ ሄደ። ቤቴ ተኝቼ ነበር ያለውም እኔ አትናገር ስላልሁት ነው።» ወደ ዳኞቹ ዞሩ፤ ድምፃቸው እንደ ማንኛውም የችሎት ቀን ነው። «ፍርዴን ልጨርስ። ነጻ ነው። ምክንያቱም የሳባት በቅሎ የሹሙ አይደለችም፣ የኔ ናት። ምስክሯም ያየችውን ተናግራለች፤ ማንም አይንካት። የሚጸናው ምክንያት ይህ ነው።» ብለው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

እኒያ ሰው በሕይወታቸው ዋሹ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ጨው መስሎት ነው ያሉት ውሸት ነው፤ እሱን ለእኛ ብለው ዋሹ።

አስካሪዎቹ መጥተው ብብትና ብብታቸውን ይዘው አነሷቸው። አራተኛው ዳኛ ጭራቸው ከእጃቸው ወድቆ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አስተርጓሚው ወረቀቱን አጥፎ ለትልቁ ዳኛ መንገድ ለቀቀላቸው፤ «ቀስ ይበሉ አባባ» አላቸው። ሰዉ ሁሉ እሳቸውን ሲከተል የባሌን እግር አንዱ ሎሌ ከግንዱ ፈታው፤ ፍርድ ፍርድ ነውና፣ ነጻ ነው ተብሏል።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ባሌ ሲቆም አየሁት፤ ዳነ አልሁ። ሽማግሌው እየተወሰዱ፣ ጀርባቸው እየታየኝ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው ሌላው የመጣው።

ነገ እንደሚፈለግ ስለምናውቅ ቤታችን አልገባንም። በዚያው በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቁ የወንዝ ሆድ፣ ምንም ሳንይዝ ወደ ገላባት ወረድን። ጥጃውን እንደታሰረ ትተነው ሄድን። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ መሬት እንተኛለን፤ ስንነሳ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ በዚያ ሙቀት። ድንበሩን አልፈን ከአንድ ግራር ሥር ስንቀመጥ ባሌ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

«አንዱ ምክንያት ይበቃ ነበር» አለ። «ታናሹ ተናግሮት ነበር። ያን የእንስራ ወሬ ለእኒያ ለሁለቱ ማን ነገራቸው?»

«እንጃ» አልሁት።

ማዶ የከረምነው የአንድ የሱዳን ነጋዴ ማሽላ እየወቃን ነው። ዝናብ ሲገባ መንገደኞች መጥተው ነገሩን። ሽማግሌው መተማ ገበያ መሃል ተሰቅለዋል፤ ማዶ ያለውን ሰውም ሆነ አርማጭሆ ያለውን አንድም ስም አልጠሩም። የሹሙም በቅሎ አጥንቷ ከነኮርቻ ልጓሟ ከቆላው ጫካ ተገኝቷል፤ ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ ይዟት ሞታ ኖሯል። ማንም አልሰረቃትም።

ጣሊያን ሲወጣ ተመለስን። ባሌ ከአራተኛው ዳኛ ጋር ዕድሜ ልኩን ሰላም አልተባባለም። «አባታችንን ያስገደለ የእሱ ምላስ ነው» ይል ነበር። ሰውየው ሲሞቱ ቀብራቸው አልሄደም፤ እኔም አብሬው ቀረሁ። እሳቸው ግን ከማን እንደሰሙ አንድ ቀን እንኳ አፋቸውን ከፍተው አልተናገሩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ማሩን በልተውት አፍረው ይሆናል፣ ምናልባት አዝነውልኝ ይሆናል።

ጎረቤቴ በተመለስን በሳምንቱ ማሽላ በቁና ይዛልኝ መጣች፤ ባዶ ቤት ነው የገባችሁት ብላ። ተቀመጠች። «የእኒያ ሰው ነፍስ በገነት ይሁን፤ ላንቺ ባልሽን፣ ለኔ ነፍሴን» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ፣ «እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር ነው። ያን እንስራ የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነበርን። ማን ሰምቶን ይሆን?» አለች።

በዓይኔ አየኋት። እያወቀች የምትጠይቀኝ ይሁን፣ እውነት ግራ ገብቷት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። 

«ወንዝ ላይ ጆሮ አይጠፋም» አልኋት።

«እውነትሽን ነው» አለችና ቁናዋን አንስታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነበረች። ልጆቼን ስወልድ ወገቤን የያዘችኝ እሷ ናት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም፤ እኔም በየዕለቱ ዛሬ ትጠይቀኛለች እያልሁ እየፈራሁ ኖርሁ። አሁን ባሌም የለም፣ እሷም የለች። የነገርሁት እኔ ነኝ።